የጦር መሣሪያ ሕግ ጥይትን እንዴት ይቀርጻል? መለኪያው፣ ቁጥሩና ውጤቱ

ሚዛን_ጠባቂ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ጦር መሣሪያ ሕግ ሲወራ ክርክሩ ጠመንጃው ላይ ይቆማል፤ ጥይቱን የሚያነሳ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ግን ሕጉ ጎልቶ የሚታየው ጥይቱ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕግ አውጪ «አደገኛ ጥይት ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ አይችልም። ተቆጣጣሪው በካሊፐር፣ በሚዛን ወይም በማግኔት የሚያረጋግጠው ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሕጉ የአረሩን ማዕድን፣ የካሊበሩን ስፋት፣ የቀለሃውን ቅርፅ፣ የጉልበቱን መጠን ወይም የተቀረጸውን ምልክት ይጠቅሳል። ንድፍ አውጪው ደግሞ ያንን ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይሠራል። የሕጉ ዓላማ አንድ ቦታ ቀርቶ ጥይቱ ሌላ ቦታ ሲደርስ ያየነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዳንምታታ፦ «ጥይት» ስል ሙሉውን ማለቴ ነው፤ ቀለሃ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። «አረር» ከበርሜሉ የሚወጣው ብቻ ነው። ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

ለመጀመር የታወቀውን ላንሳ። የ1899 የሄግ መግለጫ በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚከፈት ወይም የሚደፈጠጥ አረር በጦርነት እንዳይሠራበት ከለከለ። ለምሳሌ የጠቀሰው ጠንካራ ልባሱ (የውጭ ሽፋኑ) እምብርቱን (የውስጡን ክፍል) ሙሉ በሙሉ የማይሸፍነውን ወይም ልባሱ የተሰነጠቀውን ነው። እንግሊዞች በ1910 ያወጡት ባለ 303 ካሊበር የጠመንጃ ጥይት፣ ማርክ 7፣ የአረሩ ልባስ ከፊት በኩል ሙሉ ነው፤ ከልባሱ ሥር ግን የፊቱ ክፍል አሉሚኒየም፣ የኋላው እርሳስ ነው። ሚዛኑ ወደ ኋላ ስለሚያደላ ሥጋ ሲነካ ይገለበጣል። ቃሉ ተከብሯል፤ ቁስሉ ግን አልቀነሰም።

ሌላ ምሳሌ ያላችሁ በቁጥር አምጡ።

—

አሮጌ_መዝገብ

ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ግን ማርክ 7 ላይ ፍርድህ ትንሽ የቸኮለ ይመስለኛል።

ቅደም ተከተሉን እንየው። ማርክ 2 ክብ አፍንጫና ሙሉ ልባስ ነበረው። በካልካታ አቅራቢያ ያለው የደምደም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጫፉ የተገለጠ አረር ሠራ፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ከዚያ ማርክ 3፣ 4 እና 5 ጫፋቸው ክፍት ሆኖ መጡ። ከሄግ በኋላ እነዚህ ቀርተው በ1904 ማርክ 6 ወደ ክብ አፍንጫና ሙሉ ልባስ ተመለሰ። ይህ እርምጃ የሕግ ውጤት መሆኑ አያከራክርም።

ማርክ 7 ግን ሌላ ግፊትም ነበረበት። በዚያ ዘመን ጦሮች ሁሉ ከከባድ ክብ አረር ወደ ቀላልና ሹል አረር እየተሻገሩ ነበር። ማርክ 6 ወደ 13.9 ግራም ሲመዝን ማርክ 7 11.3 ግራም ነው፤ ፍጥነቱም ከ628 ወደ 744 ሜትር በሰከንድ ከፍ አለ። አረሩ ረጅምና ሹል እንዲሆን ፈልገህ ክብደቱን ዝቅ ማድረግ ካለብህ ቀላል ነገር ፊቱ ውስጥ መክተት ግድ ነው። መገለበጡ የታሰበ ይሁን ወይም ተከትሎ የመጣ፣ ቅርፁ ብቻውን አይነግረንም።

ከሄግ በፊት የነበረውንም እንዳንዘለው። በ1868 የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ ከ400 ግራም በታች የሆነ ፈንጂ አረር እንዳይሠራ አገደ። መነሻው ሩሲያ ራሷ የጥይት ጋሪ ለማፈንዳት የሠራችው አረር ሲሆን፣ ለስላሳ ነገር ሲነካም እንዲፈነዳ ሲሻሻል ጉዳዩ አሳሰባት። 400 ግራም በትከሻ ጠመንጃና በመድፍ መካከል የተሰመረ መስመር ነው። የ37 ሚሊ ሜትሩ ባለ አንድ ፓውንድ መድፍ 450 ግራም ያህል በሚመዝን አረር ከመስመሩ ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘቱን ልብ በሉ።

—

ሚዛን_ጠባቂ

ተቀብያለሁ። «ሕግ ከፈጠረው» እና «ሕግ ከፈቀደው» መለየት አለብን። ከአሁን በኋላ ምሳሌ ስናመጣ ያንን እንበል።

—

ቀለሃ_ሰብሳቢ

እንግዲህ ሕግ የፈጠረው ንጹህ ምሳሌ ይኸውላችሁ፤ የሽጉጥ ጥይቱ 9×21 (9 ሚሜ ካሊበሩ፣ 21 ሚሜ የቀለሃው ርዝመት)።

ጣሊያን ለረጅም ዘመን የጦር ሠራዊት ካሊበር በሲቪል ሽጉጥ እንዳይሠራ ትከለክል ነበር። 9×19 የሠራዊቱ ስለሆነ ታገደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል ወታደራዊ ኢንዱስትሪ ቀለሃውን በሁለት ሚሊ ሜትር አስረዝሞ 9×21ን አወጣ። ቁጥሮቹን ተመልከቱ፦

የ9×19 ቀለሃ ርዝመት 19.15 ሚሜ፣ የ9×21 ደግሞ 21.15 ሚሜ ነው። የተሟላው ጥይት ርዝመት ግን 29.69 እና 29.75 ሚሜ ነው፤ ማለት ይቻላል እኩል። የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊትም ለሁለቱም በአውሮፓው ደንብ 2350 ባር ነው።

ምን ማለት ነው? አረሩ ወደ ቀለሃው ጠለቅ ብሎ ስለተቀመጠ ካዝናው፣ እጀታውና ተንሸራታቹ ምንም አልተለወጡም። የተለወጠው የበርሜሉ ጥይት ማስገቢያ ብቻ ነው። በኢላማው በኩል የሚለይ ነገር የለም። ሕጉ ስምንና ርዝመትን ስለለካ ስምና ርዝመት ተለወጡ።

ፈረንሳይም የጦር ካሊበርን ለይታ ጥብቅ ምድብ ውስጥ ስለምታስገባ አዳኙ 7×64ን፣ በ223 ሬሚንግተን ፈንታ 222ን ይመርጥ ነበር። በመስከረም 2013 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ምድቡን በአብዛኛው ከካሊበር ወደ መሣሪያው አሠራር አዞረው። ከዚያ ቀደም ሲል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 8×57 በተገደበበት ወቅት 8×60ኤስ በጀርመን ወጣ፤ የነበረው ጠመንጃ ጥይት ማስገቢያው በሦስት ሚሊ ሜትር ተሞርዶ አዲሱን ይቀበላል። ዘዴው ከ9×21 ጋር አንድ ነው።

—

ጀማሪ_ተማሪ

ይቅርታ ለጥያቄዬ፤ ታዲያ ካሊበሩን ትተው ለምን በቀጥታ ጉልበትን አይለኩም? ጉልበት በሁለት ሚሊ ሜትር አይሸወድም።

—

የጫካ_ሚዛን

ወንድሜ፣ ለአደን በብዙ አገር የሚለካው ጉልበት ነው፤ ያም ቢሆን የራሱን ቅርፅ ይፈጥራል። የአደን ሕግ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ወሰን ነው፤ እንስሳው ቆስሎ እንዳይሰቃይ።

የጀርመን የአደን ሕግ ለትንሿ አጋዘን በ100 ሜትር ላይ 1000 ጁል፣ ለሌላ ሰኮናማ አራዊት ቢያንስ 6.5 ሚሜ ካሊበርና በ100 ሜትር 2000 ጁል ይጠይቃል።

የስዊድን ደንብ የበለጠ ያስተምራል። ለትላልቅ አራዊት ሁለት መንገድ ይሰጣል፤ አረሩ 9 ግራም ከሆነ በ100 ሜትር 2700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ 2000 ጁል። አስሉት። 9 ግራም 2700 ጁል እንዲይዝ በ100 ሜትር ላይ 775 ሜ/ሰ መሄድ አለበት። 10 ግራም 2000 ጁል እንዲይዝ 632 ሜ/ሰ ይበቃዋል። በአንድ ግራም ልዩነት የሚጠየቀው ፍጥነት በ143 ሜ/ሰ ይወርዳል። የቆየው 6.5×55 በ9 ግራም አረር ያንን ፍጥነት አይደርስም፤ በ10.1 ግራም ክብ አፍንጫ አረር ግን በደህና ያልፋል። ያ ከባድ አረር በ6.5×55 ሳጥን ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው በዚህ መስመር ምክንያት ጭምር ነው።

እንግሊዝና ዌልስ ለአጋዘን ቢያንስ 0.240 ኢንች (6.1 ሚሜ) ካሊበርና በአፈሙዝ 2305 ጁል ያህል ይላሉ፤ አረሩም ጫፈ ለስላሳ ወይም ጫፈ ክፍት መሆን አለበት። ይህን ከላይ ከተነሳው የሄግ መግለጫ ጋር አነጻጽሩት። በጦር ሜዳ የሚታገደው የሚከፈት አረር በጫካ ውስጥ ግዴታ ነው። ብሪታንያ በ1997 የሚከፈት ጥይትን በአጠቃላይ ስትከለክል አዳኙ ሕግ ለማክበር የተከለከለ ነገር መያዝ ነበረበት፤ በሰርተፍኬቱ ላይ ልዩ ፈቃድ እየተጻፈለት ቆይቶ በ2017 ክልከላው ወደ ሽጉጥ ጥይት ብቻ ጠበበ። ሁለት ሕጎች አንድን አረር ከሁለት ወገን ሲጎትቱ የሚሆነው ይህ ነው።

—

ፍሬ_ቆጣሪ

ክሩ ላይ እስካሁን የቀረው ትልቁ ነገር እርሳስ ነው። ባለፉት 40 ዓመታት በጥይት ንድፍ ላይ የእርሳስ ክልከላን ያህል የሠራ ሕግ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

መነሻው ወፍ ነው። ዳክዬ ምግቡን የሚፈጭበት ጠጠር ከረግረግ ሲለቅም የሾትጋን (ብዙ ትንንሽ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ) ፍሬም አብሮ ይውጣል፤ እርሳሱ በሆዱ ውስጥ ተፈጭቶ ይመርዘዋል። አሜሪካ ከ1987 ጀምራ ደረጃ በደረጃ ሄዳ በ1991 ለውኃ ወፍ አደን የእርሳስ ፍሬን በመላ አገሪቱ አገደች። ዴንማርክ በ1996 የእርሳስ ፍሬን በሙሉ ከለከለች፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የጠመንጃ አረርንም ጨመረች። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 15 ቀን 2023 ጀምሮ በረግረግና በዙሪያው 100 ሜትር ውስጥ እርሳሱ 1% እና ከዚያ በላይ የሆነ ፍሬ አገደ። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን።

አሁን ወደ ንድፉ። የእርሳስ እፍግታ 11.3 ነው፤ የብረት 7.9፣ የቢስመዝ 9.8፣ የተንግስተን 19.3 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር።

3.5 ሚሜ የሆነ የእርሳስ ፍሬ 0.25 ግራም ይመዝናል። በብረት ያንኑ ክብደት ለማግኘት ዲያሜትሩ በ13% ማደግ አለበት፤ ወደ 3.95 ሚሜ። በፍሬ መጠን «ሁለት ቁጥር ከፍ በል» የሚባለው ከዚህ ነው። ግን ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ ክብደቱ እኩል ሆነ ማለት ርቀቱ እኩል ሆነ ማለት አይደለም። ፍሬ አየርን የሚቋቋመው በእፍግታና በዲያሜትር ብዜት ነው። ባለ 3.95 ሚሜው ብረት ከእርሳሱ 78% ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አምራቾች ይህንን የሚያካክሱት ሲወጣ በማፍጠን ነው፤ የፍጥነቱ ጥቅም ግን ከጥቂት አሥር ሜትሮች በኋላ ይጠፋል።

ቀጥሎ ቦታ። 32 ግራም ብረት ከ32 ግራም እርሳስ 43% የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። በርሜሉን እንዳይፍቅ ፍሬውን የሚይዘው የፕላስቲክ ኩባያም ወፍራም መሆን አለበት፤ እሱም ቦታ ይበላል። የ12 ቁጥር (ቁጥሩ የሾትጋን በርሜል ስፋት መለያ ነው) ቀለሃ በ70 ሚሜ ርዝመት ጠበበ፣ በ76 ሚሜ ተሻለ፤ በ1988 ደግሞ የ89 ሚሜው 12 ቁጥር ወጣ። ለእርሳስ እንዲህ ያለ ርዝመት የሚያስፈልግበት ምክንያት አልነበረም። ሙሉ አዲስ ጥይትና እሱን የሚተኩስ አዲስ ሾትጋን ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ ደንብ ተወለዱ።

ሦስተኛው ግፊት ነው። እርሳስ ሲገፋ ይጨመቃል፤ ብረት አይጨመቅም። ስለዚህ ግፊቱ በቶሎ ይወጣል፤ ለብረት ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ለእርሳስ በተሰላ መጠን ላይ ፍሬውን ብቻ ለውጦ ብረት ማስገባት በርሜል የሚሰነጥቅ ስህተት ነው። የአውሮፓው የመፈተኛ ኮሚሽን ብረትን በሁለት ከፈለ፤ መደበኛው ለ12 ቁጥር እስከ 740 ባር፣ ከፍተኛው እስከ 1050 ባር። ከፍተኛውን ለመተኮስ መሣሪያው በ1320 ባር ተፈትኖ የሊሊ አበባ ምልክት የታተመበት መሆን አለበት።

—

ጀማሪ_ተማሪ

የአበባው ምልክት የሌለው አሮጌ በርሜል ላይ ምን ይሆናል?

—

ፍሬ_ቆጣሪ

መደበኛው ብረት በጤናማና በዘመናዊ ግፊት በተፈተነ በርሜል ላይ ችግር የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው በጫፉ ጥበት፣ በቾኩ ላይ ነው። እርሳስ በጠባብ ቾክ ሲያልፍ ይጨፈለቅና ይሾልካል። ብረት ቅርፁን አይለቅም፤ ከ4 ሚሜ በላይ የሆኑ ፍሬዎች በሙሉ ቾክ ሲገፉ ከቾኩ መነሻ ላይ እንደ ቀለበት የወጣ እብጠት ይተዋሉ። በብርሃን ፊት በርሜሉን አዘንብሎ ሲታይ ጥላው ይሰበራል። ስለዚህ ለትልልቅ የብረት ፍሬዎች ከግማሽ ቾክ ያልጠበበ ይመረጣል። ፍሬው ስለማይጨፈለቅ በሰፊ ቾክም ተሰብስቦ ይሄዳል፤ በጥበቱ የሚጠፋ ነገር የለም።

ለቀጭንና ለአሮጌ በርሜል ቢስመዝ አለ። ንጹህ ቢስመዝ ተሰባሪ ስለሆነ ጥቂት በመቶ ቆርቆሮ ይቀላቀልበታል፤ አሜሪካ በ1997 የተቀበለችው 97 ለ 3 ነው። እዚያ አዲስ ማዕድን ለማስፈቀድ አመልካቹ ፍሬው በአሲድ ምን ያህል እንደሚሟሟ ያሳያል፤ ካስፈለገም ዳክዬ አብልቶ ይፈትናል። ይህ ደንብ ለእኔ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ነው። የማዕድን ስም ዘርዝሮ አላቆመም፤ አዲስ ቅይጥ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚገባበት በር ትቷል። ከተንግስተን የተሠሩት ከባድ ቅይጦች በዚያ በር ነው የገቡት።

—

የመዳብ_ልጅ

በሾትጋን የሆነው በጠመንጃም ሆኗል፤ ልዩነቱ እዚያ ቦታ ያጠረው ቀለሃው ውስጥ ሲሆን እዚህ ደግሞ ርዝመቱ የሚጋጨው ከበርሜሉ ጥምዝ (አረሩን ከሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ) ጋር ነው።

የመዳብ እፍግታ 8.96 ነው። ባለ እርሳስ እምብርት የሆነውን አረር በዚያው ክብደት ከሙሉ መዳብ ብትሠራው አንድ አምስተኛ ያህል ይረዝማል። ረጅም አረር በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ፈጣን ዙር ይፈልጋል። የበርሜሉ ጥምዝ ቀርፋፋ ከሆነ አረሩ ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ በመተው ፈንታ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ይተዋል። መፍትሔው ቀላል አረር መውሰድ ነው፤ በ243 ዊንቸስተር 6.5 ግራም እርሳስ የተኮሰ ሰው በመዳብ 5.2 ግራም ይወስዳል።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ሕጎች የተጋጩት። ስኮትላንድ ለትልቁ አጋዘን ቢያንስ 100 ግሬን (6.48 ግራም) አረር፣ 747 ሜ/ሰ ፍጥነትና 2373 ጁል ትጠይቅ ነበር። 100 ግሬን መዳብ በ243 ውስጥ በ254 ሚሜ አንድ ዙር ለሚሰጠው የተለመደ ጥምዝ ከልክ በላይ ይረዝማል። ስለዚህ እርሳስ መተው የፈለገ አዳኝ ካሊበሩንም መተው ነበረበት። በ2023 ወሰኑ ወደ 80 ግሬን ወረደ። ፍጥነቱና ጉልበቱ ግን አልተነኩም፤ የክብደት ወሰኑ ብቻ ነበር እርሳስን በስውር ያስገደደው። የድሮ ቁጥር ውስጥ የድሮ ማዕድን ተደብቆ ይኖራል።

ሌላው የመከፈት ፍጥነት ነው። መዳብ ከእርሳስ ይጠነክራል። የመጀመሪያዎቹ ሙሉ መዳብ አረሮች በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲመጡ ሁለት ቅሬታ ነበር፤ በርሜሉ ውስጥ የመዳብ ቅሪት መተዋቸውና ግፊታቸው ከፍ ማለቱ። አካሉ ላይ ዙሪያውን ቦዮች ሲቆረጡ የተገፋው መዳብ የሚሄድበት አገኘ፤ ሁለቱም ቀነሱ። ጫፉ ደግሞ ጥልቅ ቀዳዳ አለው፤ ፈሳሽ ሲገባበት ግድግዳውን ይከፍታል። ብዙዎቹ በደንብ ለመከፈት ሲመቱ ከ550 እስከ 600 ሜ/ሰ ያህል ፍጥነት ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ሳይከፈቱ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋሉ፣ እንስሳውም ርቆ ይሄዳል። በሩቅ የሚተኩስ ሰው የአምራቹን ዝቅተኛ ፍጥነት ከሰንጠረዡ ጋር አመሳክሮ የርቀት ወሰኑን ራሱ ማስቀመጥ አለበት።

—

አንቀጽ_በአንቀጽ

የማዕድን ዝርዝር ካነሳችሁ የአሜሪካን የጋሻ ሰባሪ ጥይት ትርጉም ማለፍ አይቻልም። በ1986 የወጣው ሕግ የፖሊስን የጥይት መከላከያ ሰደርያ ለመጠበቅ ታስቦ ነው። ለሽጉጥ ሊውል የሚችል አረር ወይም እምብርት ሙሉ በሙሉ ከተንግስተን ቅይጥ፣ ከብረት፣ ከናስ፣ ከነሐስ፣ ከቤሪሊየም መዳብ ወይም ከተመናመነ ዩራኒየም ከተሠራ ተከለከለ። በ1994 ሁለተኛ መስመር ተጨመረ፤ ለሽጉጥ የታሰበ፣ ከ22 ካሊበር የሚበልጥና የልባሱ ክብደት ከጠቅላላው ከ25% በላይ የሆነ።

ዝርዝሩን እንደ ንድፍ አውጪ አንብቡት። ንጹህ መዳብ የለበትም። ናስ፣ ማለትም መዳብና ዚንክ፣ አለበት። በአውሮፓ በማሽን የሚቀረጽ የናስ አደን አረር ይሸጣል፤ በአሜሪካ ግን ለአደን የታሰበ አረር እንኳ ከናስ ከተሠራና በዚያ ካሊበር ሽጉጥ ካለ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። እርሳስ የሚያግደው ደንብ አምራቹን ወደ ሌላ ማዕድን ይገፋል፤ ይህኛው ደግሞ ከሌላው ማዕድን ግማሹን ይዘጋል። መሐል የቀረው መዳብ ነው። የአሜሪካ እርሳስ አልባ አረር በአብዛኛው መዳብ የሆነው በባሕርይው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

ሕጉ ራሱ ይህን ግጭት ስላየ በአካባቢ ወይም በአደን ደንብ የሚጠየቅ የሾትጋን ፍሬንና ለኢላማ ልምምድ የታሰበ ተሰባሪ አረርን ነጥሎ አስወጥቷል። ያ ባይሆን የፍሬ_ቆጣሪ የብረትና የተንግስተን ፍሬዎች ጥያቄ ውስጥ ይወድቁ ነበር።

«ለሽጉጥ ሊውል የሚችል» የሚለው ሐረግ ደግሞ ከጥይቱ ውጪ ባለ ነገር ይንቀሳቀሳል። የጠመንጃ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ገበያ ሲወጣ ጥይቱ ሳይለወጥ ምድቡ ይለወጣል። በ2014 7ኤን6 የተባለው የሩሲያ 5.45×39 የጠመንጃ ጥይት ወደ አገሪቱ እንዳይገባ የተደረገው በዚህ ነው። በየካቲት 2015 ኤም855 የተባለው የጠመንጃ ጥይት ከክልከላው ነፃ መሆኑ እንዲነሳ ሐሳብ ቀረበ፤ 4 ግራሙ አረር ፊቱ ላይ ብረት፣ ከኋላው እርሳስ አለው፤ ከ1986 ጀምሮ ነፃ የተባለ ነው። ከ80 ሺህ በላይ አስተያየት መጥቶ መጋቢት 10 ላይ ሐሳቡ ተተወ።

—

ጀማሪ_ተማሪ

ታዲያ ለምን በሰደርያው ላይ ተኩሰው አይፈትኑም? የማዕድን ዝርዝር ከሚያስቡ።

—

አንቀጽ_በአንቀጽ

ጥያቄህ ሕጉ ሲረቀቅም የተነሳ ነው። ችግሩ ለስላሳ ሰደርያ የሽጉጥ አረርን እንዲያቆም ተሠርቶ የጠመንጃ አረርን አለማቆሙ ነው። ማዕድኑ ምንም ይሁን፣ ተራ የአጋዘን ጥይት ያልፈዋል። በመብሳት ብትለካ የአደን ጥይትን በሙሉ ትጠርጋለህ። በዚያ ላይ ውጤቱ በበርሜሉ ርዝመት፣ በርቀቱና በሰደርያው ደረጃ ይለያያል፤ ማዕድን ግን ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ መልስ አለው። ዝርዝሩ እንከን አለው፤ ፍርድ ቤት የሚጸናው ግን እሱ ነው።

—

የጫካ_ሚዛን

በእኔ ግምት የተሻለው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ዝርዝር ይኑር፣ ከዝርዝሩ ለመውጣት ደግሞ በጽሑፍ የተቀመጠ ፈተና ይኑር፣ የመልስ ቀነ ገደብም ይኑር። የዳክዬው ደንብ ያንን ስላደረገ ነው አዳዲስ ቅይጦች የወጡት።

የሽጉጥ ጫፈ ክፍትን በተመለከተም ትንሽ ልጨምር። ጫፈ ክፍት በሚገደብባቸው ቦታዎች የሚሸጥ፣ ልባሱ ከፊት ሙሉ ሆኖ ከሥሩ ለስላሳ ላስቲክ መሰል ነገር ያለበት አረር አለ። ከውጭ ሲታይ ክብ ነው፤ ሲመታ አፍንጫው ተጨፍልቆ ይሰፋል። «ቀዳዳ» የሚል ቃል ቀዳዳ የሌለው የሚከፈት አረር አስወለደ።

—

ቀለሃ_ሰብሳቢ

የቀለሃ ቅርፅን የሚለካ ሕግ ደግሞ አለ፤ እሱም ከሁሉ ግልጹ ነው።

በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ጠፍጣፋና የእርሻ ቤት የበዛባቸው ግዛቶች አጋዘን በሾትጋን ብቻ እንዲታደን ያዙ ነበር፤ ሐሳቡ አረር ሩቅ እንዳይሄድ ነው። በኋላ አንገት የሌለው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቀለሃ ተፈቀደ። ሚሺጋን በ2014 ለደቡቡ ክፍል ያስቀመጠችው መስፈርት ካሊበሩ ቢያንስ 0.35 ኢንች (8.9 ሚሜ)፣ የቀለሃው ርዝመት ከ1.16 እስከ 1.80 ኢንች (ከ29.5 እስከ 45.7 ሚሜ) ነው።

በ2019 የወጣው 350 ሌጀንድ ቀለሃው 43.4 ሚሜ ነው፤ አረሩ 9.07 ሚሜ። በ2023 የወጣው 360 ባክሃመር ቀለሃው 45.7 ሚሜ ነው። አዎ፣ ልክ መስመሩ ላይ። በ350 ሌጀንድ 9.7 ግራም አረር በ709 ሜ/ሰ ሲወጣ 2440 ጁል ያህል ይይዛል። የተለመደው ባለ አንገት የአጋዘን ጥይት ያንን በቀላሉ ያልፋል፤ ሕጉ ግን የአንገቱን ሥራ ስለከለከለ ሰፊ አረርና ቀጥ ያለ ቀለሃ ብቻ ቀሩ።

አንገት መጥፋቱ ዋጋ አለው። ባለ አንገት ቀለሃ በትከሻው ላይ ይቆማል። 350 ሌጀንድ የሚቆመው በአፉ ጠርዝ ነው፤ ከበርሜሉ ማስገቢያ ጫፍ ላይ ካለው ትንሽ ደረጃ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ አፉ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ አይችልም፤ አረሩን የሚይዘው ቀስ ብሎ የጠበበ ግድግዳ ብቻ ነው። አፉ ከልክ በላይ ካጠረ ወይም ከታጠፈ ጥይቱ ወደ ውስጥ ይሰምጥና የምላጩ መርፌ ካፕሱሉን በቂ ሆኖ አይመታውም፤ ተኩሱ ይከሽፋል።

—

ሚዛን_ጠባቂ

ስለ ምልክት ማንም ስላላነሳ በአጭሩ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የ2006 ስምምነት ጥይት የሎት (አብሮ የተመረተ ስብስብ) ቁጥር፣ የአምራች ማንነት፣ የተሠራበት አገርና ዓመት እንዲይዝ ያዛል። የብራዚል የ2003 ሕግ ለመንግሥት ኃይሎች በሚሸጠው ጥይት ቀለሃ ላይ ሎቱና ገዢው እንዲታወቅ ያዛል።

ይህ የማምረቻውን ቅደም ተከተል ይነካል። በቀለሃው መቀመጫ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚታተመው ናሱ ገና ሲቀረጽ፣ በጠንካራ የብረት ማኅተም ነው። የሎቱ ባለቤት ግን የሚታወቀው ጥይቱ ተሞልቶ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጽሑፍ በመጨረሻ በሌዘር፣ ብዙ ጊዜ ቀለሃውን ስቦ የሚያወጣው ጥፍር በሚይዝበት ቦይ ውስጥ ይቀረጻል። ሎቱ ትልቅ በሆነ መጠን ምልክቱ ዋጋ ያጣል፤ አንድ ኮድ በሚሊዮን ቀለሃ ላይ ከታተመ መርማሪው የሚያገኘው የፋብሪካውን ስም ብቻ ነው። የብራዚል ደንብ ሎቱን በ10,000 የወሰነው ለዚህ ነው።

ቀለሃ ሰብሳቢ፣ አንድ ጥያቄ ይዤ ልጨርስ፤ ጣሊያን 9×19ን ከፈቀደች በኋላ 9×21 ምን ሆነ?

—

ቀለሃ_ሰብሳቢ

ክልከላው በ2021 ዓመተ ቁጥር በወጣ ሕግ ተነስቶ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለ40 ዓመት ያህል የተሸጠው ሽጉጥ ግን በሰው እጅ አለ፤ ስለዚህ 9×21 አሁንም ይመረታል።

ከዚህ የመጣ አደጋ ስላለ ልብ በሉ። 9×19 በ9×21 በርሜል ውስጥ ይገባል። አፉ ከሚቆምበት ደረጃ ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሚያጥር የሚይዘው የማውጫው ጥፍር ብቻ ነው። አንዳንዴ ይተኩሳል፣ አንዳንዴ ይከሽፋል፤ ሲተኩስ ቀለሃው ያለ ድጋፍ ወደ ኋላ ተመትቶ ሊሰነጠቅ፣ ጥፍሩም ሊሰበር ይችላል። መቀየር የሚፈልግ ሰው በርሜሉን በተፈተነ የ9×19 በርሜል ያስለውጥ፤ ካዝናውና ተንሸራታቹ ይቀራሉ። የተቀላቀለ ሳጥን ካጋጠማችሁ የጥይቱን ሙሉ ርዝመት አትለኩ፤ እኩል ነው። የማይታወቅ ባዶ ቀለሃ ከሆነ አፍ እስከ መቀመጫ በካሊፐር ለኩ፦ 19.15 ወይስ 21.15። የተሞላ ከሆነ የመቀመጫውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጽሑፉ ካልተነበበ ለይታችሁ አስቀምጡት።